ኢብኑ ነፊስ፦ ግኝቱ በመደርደሪያ ላይ የቀረበት ሐኪም

በዘመናችን አንድ ተመራማሪ አዲስ ነገር ሲያገኝ ለብቻው ይዞት አይቀመጥም። ያየውንና የደረሰበትን ጽፎ ለሙያው መጽሔት ይልካል። የሙያ ባልደረቦቹ ጽሑፉን መርምረው እንከኑን ይነግሩታል። ከታተመ በኋላም በሌላ አገር ያለ ሌላ ተመራማሪ ነገሩን እንደገና ፈትኖ እውነት መሆን አለመሆኑን ያጣራል። ይህ ሥርዓት ባልነበረበት ዘመን አንድ ታላቅ እውነት ያገኘ ሰው ዕጣው ምን ነበር? ለዚህ ጥያቄ የዐላኡዲን ኢብኑ ነፊስ ሕይወት ጥሩ መልስ ይሰጣል።

ኢብኑ ነፊስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1210ሮቹ መጀመሪያ ገደማ በሻም ምድር፣ በደማስቆ አካባቢ ነው። ሕክምናን የተማረው ሱልጣን ኑሩዲን ዘንጊ በ1154 ባሠሩት በኑሪ ሆስፒታል ነበር። ይህ ቦታ በሽተኛ የሚታከምበት ብቻ አልነበረም፤ ተማሪዎች መምህራቸውን እየተከተሉ በሽተኛ ዘንድ የሚቆሙበት፣ ከዚያም ተቀምጠው መጻሕፍት የሚያነቡበት ትምህርት ቤት ጭምር ነበር። መምህሩ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ሙሀዘቡዲን አድ-ደኽዋር ነው። በኋላ የሐኪሞችን የሕይወት ታሪክ በትልቅ መጽሐፍ የሰበሰበው ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓም የዚያው የደኽዋር ተማሪ ነበር።

ወጣቱ ሐኪም ሕክምናን ብቻ ይዞ አልቀረም። ፊቅሕን በሻፊዒይ መዝሀብ፣ ከዚያም ሐዲሥን፣ ሰዋስውንና ሎጂክን ተማረ። ወደ ግብፅ ተሻግሮ በካይሮ በኖረበት ዘመን በመስሩሪያ መድረሳ ፊቅሕ ያስተምር ነበር። በሕክምናውም የግብፅ ሐኪሞች አለቃ እስከመሆን ደረሰ። ጧት በሽተኛ እያየ፣ ማታ ኪታብ እያገላበጠ የኖረ ሰው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ አጻጻፉ የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ሰዎች የሚያወሩት ይገርማል። ሊጽፍ ሲነሳ ብዙ ብዕሮች ተቀርጸው አጠገቡ ይቀመጡለታል። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርና መጽሐፍ ሳያይ ከአእምሮው እንደ ጎርፍ ይጽፋል። አንዱ ብዕር ሲደንዝ እሱን ጥሎ ሌላውን ያነሳል እንጂ ለመቅረጽ ጊዜ አያጠፋም። አንድ ቀንም ገላውን እየታጠበ ሳለ ከመታጠቢያው ወጥቶ ቀለምና ወረቀት አስመጣ፣ ስለ ልብ ትርታ አንድ ጽሑፍ ጽፎ ጨረሰ፣ ከዚያም ተመልሶ ትጥበቱን ቀጠለ ይባላል። አሽ-ሻሚል የተባለውን የሕክምና መጽሐፉን በ300 ጥራዝ ሊጽፈው አቅዶ 80ውን ማጠናቀቁ ይነገራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በዚያ ዘመን ሐኪም ሁሉ የሚከተለው፣ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ግሪካዊው ጋሌን፣ ዐረቦች ጃሊኑስ የሚሉት፣ ያስተማረውን ነበር። በእርሱ አባባል ደም ከልብ የቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከል ባለው ግድግዳ ውስጥ ባሉ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች በኩል ነው። ታላቁ ኢብኑ ሲናም አል-ቃኑን በተባለው መጽሐፉ በዚሁ መንገድ ሄዷል። ከሺህ ዓመት በላይ ሐኪም ከሐኪም እየተቀበለ ያስተላለፈው ይህንኑ ነው።

ኢብኑ ነፊስ የኢብኑ ሲናን መጽሐፍ የሰውነት ክፍሎችን የሚመለከተውን ሐተታ ለይቶ ሲያብራራ እዚህ ላይ ቆመ። የዚህ ማብራሪያ በ1242 የተጻፈ ቅጂ ዛሬም ስላለ፣ ሥራውን ሲጽፍ ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ብዙም ያልራቀ እንደነበር እናውቃለን። ያለው ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በሁለቱ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ወፍራምና ድፍን ነው፤ የሚታይ ቀዳዳ የለውም፣ ጃሊኑስ እንዳሰበው የማይታይ ቀዳዳም የለውም። ስለዚህ ደሙ ከቀኙ የልብ ክፍል ተነስቶ በደም ሥር ወደ ሳንባ መሄድ፣ በሳንባ ውስጥ ተሰራጭቶ ከአየር ጋር መገናኘት፣ ከዚያም በሌላ የደም ሥር ወደ ግራው የልብ ክፍል መመለስ አለበት። በሳንባ ውስጥ በሚሄደውና በሚመለሰው የደም ሥር መካከልም ረቂቅ መተላለፊያ እንዳለ ጠቁሟል። እነዚያን እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ኢጣሊያዊው ማልፒጊ በማይክሮስኮፕ ያያቸው በ1661 ነው፤ አራት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

በዚህም አላበቃም። ኢብኑ ሲና ልብ ሦስት ክፍል አለው ያለውን ሁለት ብቻ ነው ብሎ አረመ። ልብ ምግቡን የሚያገኘው በውስጡ ከሚያልፈው ደም ሳይሆን በገዛ ሥጋው ውስጥ ከተሠራጩት የደም ሥሮች መሆኑንም ጻፈ። የልብ በሽታ ሐኪሞች ዛሬ ዋነኛ ጉዳያቸው ያደረጉት እነዚህኑ የደም ሥሮች ነው።

ይህ ሰው ኢብኑ ሲናን የሚንቅ አልነበረም። አል-ቃኑንን ደጋግሞ ያብራራ፣ ለተማሪ እንዲመች ያሳጠረ፣ ዕድሜውን ለመጽሐፉ የሰጠ ነው። ነገር ግን መምህርን ማክበር ማለት የመምህርን ስህተት ማስተላለፍ ማለት እንዳልሆነ አወቀ። የሰው አስከሬን ከመቅደድ ሸሪዓና የገዛ ርኅራኄው እንደከለከሉት ጽፏል፤ የጻፈው ዝርዝር ግን እንዲያው በማሰብ ብቻ የሚደረስበት ነው ወይ ብለው የሚጠይቁ አጥኚዎች አሉ።

ታዲያ ግኝቱ ምን ሆነ? የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። ሙጀዝ አል-ቃኑን የተባለው አጭር መጽሐፉ ከአገር አገር ተገለበጠ፣ ማብራሪያ በማብራሪያ ተጻፈበት። ስለ ደም መንገድ የጻፈው ሐሳብ ግን ጥቂቶች ቢጠቅሱትም የሕክምናውን ትምህርት ሳይለውጥ ቀረ። ተማሪ አጭሩን አጠና፣ አዲሱን ዘለለ። ሳይፈተንና ሳይቀጥል የቀረ ግኝት ደግሞ እንዳልተገኘ ይቆጠራል።

በአውሮፓ ሚካኤል ሰርቬተስ ይህንኑ የሳንባ መንገድ በ1553 ጻፈ፤ በዚያው ዓመት በሃይማኖቱ ምክንያት ጄኔቫ ላይ ከነሕይወቱ ተቃጠለ። በ1559 ኮሎምቦ፣ በ1628 ደግሞ የደምን ሙሉ ዝውውር ያስረዳው እንግሊዛዊው ሃርቪ ተከተሉ። እዚህ ላይ ሚዛን እንጠብቅ። ሙሉውን ዝውውር ያገኘው ኢብኑ ነፊስ አይደለም፤ የእርሱ ድርሻ ከልብ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ልብ ያለው መንገድ ነው። አውሮፓውያኑ ከእርሱ ቀድተዋል የሚለውም እስካሁን በማስረጃ አልጸናም። ከሥራዎቹ በ1547 ቬኒስ ላይ በላቲን የታተመ አለ፤ ያ ግን ስለ መድኃኒቶች የሚናገረው ክፍል ነው። የሌለ ማስረጃ አለ ብለን ብንሟገት የምንጎዳው ራሱን ኢብኑ ነፊስን ነው።

የእርሱ መጨረሻ እንደ ኑሮው ነበር። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል ታመመ። ሐኪሞች ለመድኃኒት ይሆንሃል ብለው ወይን ጠጅ ቢያቀርቡለት፣ ሆዱ ውስጥ አስካሪ ይዞ ጌታውን መገናኘት እንደማይፈልግ ነግሯቸው እምቢ አለ። በታኅሣሥ 1288 (በ687 ሒጅሪ) አረፈ። ቤቱንና መጻሕፍቱን ሱልጣን ቀላውን ካይሮ ላይ ላሠሩት ለመንሱሪ ሆስፒታል ወቅፍ አድርጎ ተወ። ከራሱ በኋላ የሚያነብ እንዲኖር ፈልጎ ነበር ማለት ነው።

የሚያነብ የተገኘው ግን በ1924 ነው። ሙሕዪዲን አት-ተጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲማር፣ በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የነበረውን የእጅ ጽሑፍ አንብቦ በመመረቂያ ጥናቱ እውነቱን አወጣ። ያም ጥናት ብዙ ሰው ሳያየው ሊቀር ነበር። የካይሮው የዓይን ሐኪምና የታሪክ አጥኚ ማክስ ማየርሆፍ ጉዳዩን ይዞ ጻፈበት፤ በ1935 ኢሲስ በተባለው የሳይንስ ታሪክ መጽሔት ላይ ባወጣው ጊዜ ዓለም ሰማ። ግኝቱን የገኘው አንድ ተማሪ ነው፤ ዓለም እንዲሰማው ያደረገው ግን የምርምር መጽሔት ነው።

ውድ አንባቢ! ብዙዎቻችን የኢብኑ ነፊስን ስም ስንሰማ ደረታችንን እንነፋለን፤ እኛ ቀድመን ነበር እንላለን። ግን መጽሐፉን ወደ ሰባት መቶ ዓመት በመደርደሪያ ላይ ያስቀመጥነው እኛው አይደለንም እንዴ? ኩራቱ የሚገባን እንደ እርሱ ስናነብ፣ የተቀበልነውን ስንመረምር፣ ያገኘነውን ሌላው እንዲፈትነው ስናወጣ ነው። ልጁን ለሳይንስ ትምህርት የሚያበረታታ ወላጅ፣ የእጅ ጽሑፍ ከአቧራ አውጥቶ የሚያነብ ደረሳ፣ የምርምር መጽሔት ገዝቶ የሚያገላብጥ ሐኪም ከአንድ ሺህ ፉከራ ይበልጣሉ። አላህ ይዘንለት፣ እኛንም ከሚያነቡት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።