ወረቀት ላይ መሳል የጀመሩት ከ60 ዓመታቸው በኋላ ነው፦ የባሊው ሌምፓድ

ባሊ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኢንስታግራም ላይ የምናየው የባህር ዳርቻ ነው። ዛሬ ግን ከደሴቲቱ ታላላቅ ሰዓሊዎች አንዱን እናስተዋውቃችሁ፦ ኢ ጉስቲ ኞማን ሌምፓድ። (ዓመተ ምህረቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

የተወለዱበት ቀን በትክክል አይታወቅም። እሳቸው ግን በ1883 የክራካቶዋ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አግብተው የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልደው እንደነበር ይናገሩ ነበር። በዚህ ስሌት ልደታቸው 1862 አካባቢ ይሆናል።

የበዱሉ መንደር ልጅ ናቸው። ቤተሰባቸው ከአካባቢው ገዢ ሸሽቶ ኡቡድ ሲገባ የኡቡድ መሳፍንት አስጠጓቸው። አባትየውም የታወቁ የእጅ ባለሙያ ነበሩ።

ሌምፓድ ለብዙ ዓመታት ሰዓሊ አልተባሉም። ሥራቸው ቤተ መቅደስ መንደፍ፣ ድንጋይ መቅረጽ፣ ጭምብል መሥራት፣ ለቀብር ሥርዓት የሚሆነውን ረጅም ማማ ማዘጋጀት ነበር። ባሊ ውስጥ አስከሬን ይቃጠላል፤ ያ ሁሉ የተለፋበት ማማም አብሮ ዐመድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ማንም ስሙን አይጽፍም። የሚሠራው ለአማልክትና ለመንደሩ ነው።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ጀርመናዊው ሰዓሊ ዋልተር ስፒስ፣ ቀጥሎም ሆላንዳዊው ሩዶልፍ ቦኔት መጡ። ሌምፓድ ወረቀት ላይ በደንብ መሳል የያዙት በዚያ ዘመን ነው። ዕድሜያቸው 60ን አልፏል! ግን እጃቸው ድንጋይ ላይ የሰለጠነ ነውና አልተቸገሩም። በቀጭን ጥቁር መስመር ይስላሉ፣ አልፎ አልፎ ቀይና ወርቃማ ጠብ ያደርጉበታል፣ የቀረውን ነጭ ይተዉታል። አማልክትን ብቻ ሳይሆን 18 ልጆች ስላሏቸው ድሆቹ ባልና ሚስት፣ ስለ ብራዩት ቤተሰብ የሚነገረውን ተረትም ስለዋል።

ከዚያ ቱሪስቱ በዛ፣ ገበያውም ደራ። እዚህ ላይ ነው ችግሩ፦ ቶሎ የሚሸጥ ሥዕል ጥሩውን እንዳይውጠው ተፈራ። ስለዚህ በ1936 ሌምፓድ፣ የኡቡዱ መስፍን ቾኮርዳ ግዴ አጉንግ ሱካዋቲ፣ ስፒስና ቦኔት ሆነው ፒታ ማሃ የሚባል የሰዓሊዎች ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ሥራ እየመረጠ በኤግዚቢሽን ያቀርብ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ተበተነ፤ ስፒስም በ1942 እስረኛ ሆኖ የተጫነበት መርከብ በጃፓን አውሮፕላን ተመትቶ ሰጠመ።

ሌላው ስጋት ጥሩ ጥሩው ሥዕል ከአገር መውጣቱ ነበር። ለዚህም በ1956 ኡቡድ ውስጥ ፑሪ ሉኪሳን፣ ማለትም የሥዕል ቤተ መንግሥት፣ የተባለው ሙዚየም ተከፈተ። ያም ሆኖ ከሌምፓድ ሥዕሎች ብዙዎቹ ዛሬ አውሮፓ ሙዚየሞች ውስጥ ናቸው። ኡቡድ መሃል፣ የሎተስ አበባ በሞላው ኩሬ ዳር ያለው የሳራስዋቲ ቤተ መቅደስ ግን የእሳቸው እጅ ያረፈበት ነው። እሱን ጠቅልሎ የሚወስድ ቱሪስት የለም።

ሌምፓድ ያረፉት ሚያዝያ 1978፣ ወደ 116 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነው። እንደሚነገረው ቤተሰባቸውን ሰበሰቡ፣ አጥቧቸው ነጭ አለበሷቸው፣ ተሰናብተው አንቀላፉ።

ስማቸውን ስልካችሁ ላይ ፈልጉና ሥዕሎቹን እዩ። መጀመሪያ ግን ሳይነኩ የተዉትን ነጩን ቦታ ልብ በሉ።