ሳይሾሙ ያገለገሉ፣ ተሾመውም የተመለሱ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ታኅሣሥ 19 ሲደርስ የብስራተ ገብርኤል መግቢያ ይጠበናል። ነጠላችንን አጣፍተን፣ ጧፋችንን ይዘን እንጋፋለን። ታዲያ በዋዜማው በ18 ማን እንደሚታሰብ ስንቶቻችን እናውቃለን? ያ ቀን የመጀመሪያው ጳጳሳችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በዓለ ሢመት ነው። ብሥራት ማለት የምሥራች ነው፤ ያ የምሥራች በአገራችን ሥር እንዲሰድ የደከሙት እኚህ አባት ናቸው። በዚህ በጾመ ነቢያት ሕይወታቸውን ጥቂት እንመልከት።

የቀድሞ ስማቸው ፍሬምናጦስ ነው፤ አገራቸውም ጢሮስ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ከኤዴስዮስ ጋር ሆነው መምህራቸውን ሜሮጵዮስን ተከትለው በመርከብ ተጓዙ። መርከቧ ውኃና ስንቅ ፍለጋ ወደ ወደብ ስትጠጋ የአካባቢው ሰዎች አደጋ ጥለው መምህሩንና ተሳፋሪውን ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። አዘኑላቸውና ወስደው ለአክሱም ንጉሥ ሰጧቸው።

እስቲ አስቡት! መምህርን የሚያህል ሰው ሞቶባቸው፣ ተማርከው የገቡበት አገር ነው። እነሱ ግን ቂም አልያዙም፤ በታማኝነት አገለገሉ። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆኑ፤ ፍሬምናጦስ ደግሞ ግምጃ ቤቱንና ጽሕፈቱን ያዙ። ንጉሡ ሊሞት ሲል ነጻ ለቀቃቸው። ንግሥቲቱ ግን ልጇ ዒዛና እስኪያድግ አብረዋት መንግሥቱን እንዲጠብቁ ለመነቻቸው፤ እሺ ብለው ቀሩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ፍሬምናጦስ በዚያን ጊዜ ጳጳስ አይደሉም፣ ቄስም አይደሉም። እንደ እኔና እንደ እናንተ ምእመን ናቸው፤ የመንግሥት ሥራም ተሸክመዋል። ቢሆንም ለንግድ የሚመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለጉ የጸሎት ቤት እንዲሠሩ አበረታቱ፤ ቦታ ሰጡ፣ የጎደለውን አሟሉ። ጊዜ የለኝም አላሉም።

ዒዛና አደገ። አሁን ወደ አገራቸው መሄድ ይችላሉ። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመልሰው ቅስና ተቀበሉ፤ ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስም ይህን ሁሉ የሰማው ከእሳቸው አንደበት ነው። ፍሬምናጦስ ግን እናት አባታቸው ዘንድ ሳይሆን ወደ እስክንድርያ ሄዱ። እረኛ የሌለው መንጋ መኖሩን ለቅዱስ አትናቴዎስ ነግረው ጳጳስ እንዲልክ ለመኑት። እርሱም ከጳጳሳቱ ጋር መክሮ ራሳቸውን ሾማቸው። ለሌላ ሰው ሊለምኑ ሄደው ሸክሙን ራሳቸው ይዘው ተመለሱ!

ዒዛና አመነ፤ በገንዘቡ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተቀረጸበት። ፈተናም አልቀረም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ356 ገደማ የአርዮስ ወገኖች ደጋፊ የነበረው የሮም ንጉሥ ቆንስጣንዮስ፣ አባ ሰላማ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲላኩ ለዒዛና ጻፈ። ቤተ ክርስቲያናችን ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸንታ ቀረች።

ወንጌል በገጠሩ በስፋት የተዳረሰው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በተስዓቱ ቅዱሳን ዘመን ነው። አባ ሰላማ ዘርተው አለፉ፤ አጨዳውን በዓይናቸው አላዩም።

እኛስ ወገኖቼ? ስለ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ሲነሳ የአባቶች ሥራ ነው እያልን እናልፋለን። ግን ብዙዎቻችን ክርስትና የተነሣነው በገጠር ደብር ነው። ዛሬ እዚያ ማን ይቀድሳል? ዕጣንና ጧፍ አለ ወይ? ልጆቹን ፊደል የሚያስቆጥር መሪጌታ አለ ወይ? በዚህ ጾም ቢያንስ ደውለን እንጠይቅ። ለምሳ ከምናወጣው ጥቂት ቀንሰን፣ ለገብርኤል ጧፍ ስንገዛ አንዷን ለዚያች ደብር እናስቀምጥ። ይህን ለማድረግ ሹመት አያስፈልግም፤ አባ ሰላማም የጀመሩት ሳይሾሙ ነው።

የአባታችን ረድኤትና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።