መጻተኛው መሐንዲስ፤ አልፍሬድ ኢልግና ድሬ ዳዋ

በሀገራችን የምሕንድስና ሙያ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ሳይጠቀሱ ከማይታለፉት ሰዎች አንዱ ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነው። የዐፄ ምኒልክ አማካሪና የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ ውል ተቀባይ እንደ ነበረ ብዙዎች ያውቃሉ። ብዙ ጊዜ የማይነሣው ግን ይህ ሰው ቋንቋውን በማያውቀው ሕዝብ መካከል፣ ሙያው ምን ዋጋ እንደሚሰጠው ሳያውቅ፣ እንግዳ ሆኖ ያሳለፋቸው የመጀመሪያ ቀኖች ታሪክ ነው። ድሬ ዳዋ የተባለችው የእንግዶች ከተማ እንዴት እንደ ተወለደች በሚገባ ለመረዳት ከእነዚያ ቀኖች መጀመር ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ኢልግ በ1854 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ፣ በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ። በልደቱ ማግሥት፣ በ1855 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በታዋቂው የዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገብቶ ምሕንድስና ተማረ። ትምህርቱን በጨረሰበት ዘመን ስዊዘርላንድ ለመሐንዲስ ሥራ የጠፋባት አገር አልነበረችም። የጎታርድ ተራራ ለባቡር መተላለፊያ እየተፈለፈለ ነበር፤ ድልድዮችና ፋብሪካዎችም በየሸለቆው ይሠሩ ነበር። ስለዚህ የሃያ አራት ዓመቱ ወጣት ከአገሩ የወጣው እንጀራ አጥቶ ነበር ለማለት አያስደፍርም።

በዚያው ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የአውሮፓን የእጅ ጥበብ የሚያውቁ ሰዎች ወደ አገራቸው እንዲመጡላቸው ይፈልጉ ነበር። ጥያቄአቸው በቀይ ባሕር አካባቢ ይሠራ በነበረ የስዊስ የንግድ ቤት በኩል ለኢልግ ደረሰው። እርሱም ግብዣውን ተቀብሎ በ1878 ዓ.ም. ከሁለት ስዊሳውያን የእጅ ሠራተኞች ጋር ጉዞውን ጀመረ።

መርከቡ ከአውሮፓ እስከ ቀይ ባሕር ጫፍ ለመድረስ የወሰደበት ጊዜ ቀላል ነበር። አስቸጋሪው ክፍል የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዘይላ በግብፅ መንግሥት እጅ ነበረች፤ ከባሕር ዳር ወደ ደጋው ለመውጣት ግመል መከራየት፣ መሪ መፈለግ፣ የየአካባቢውን ሹምና የጎሣ መሪ ፈቃድ ማግኘት ግድ ነበር። ግመሉ ሲገኝ መሪው ይጠፋል፤ መሪው ሲገኝ የመንገዱ ሰላም ይደፈርሳል። ኢልግና ጓደኞቹ አንኮበር የደረሱት በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ማለትም ከአገራቸው ከተነሡ ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ነበር። መሐንዲሱ ስለ ኢትዮጵያ የተማረው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ በዚህ አገርና በባሕሩ መካከል ያለው ትልቁ ግንብ ተራራው ብቻ ሳይሆን መንገድ አለመኖሩ ነበር።

አንኮበር በተራራ አናት ላይ የተቀመጠች፣ ብርዷ የጠና ከተማ ናት። መጻተኛው እዚያ ሲደርስ ሰዓቱ ከንጋት ጀምሮ የሚቆጠር፣ ዓመቱ ከእርሱ ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ፣ ወሩም አሥራ ሦስት ሆኖ አገኘው። ይህን መልመድ ለማንም አዲስ መጪ ከሚገጥመው የተለየ አይደለም። ከዚህ የከበደው ግን የሙያው ጉዳይ ነበር። ኢልግ ከመጣበት አገር በብረት የሚሠራ ሰው ዲፕሎማ ይሰጠዋል፤ በደረሰበት አገር ግን ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ጠይብ ተብሎ ይናቅ፣ ቡዳ ተብሎ ይፈራ ነበር። ቆዳ የሚያለፋውም ፋቂ ተብሎ ከሰው ማዕድ ይርቅ ነበር። ለጦረኛው፣ ለካህኑና ለገበሬው የታወቀ የክብር ደረጃ ነበራቸው፤ በእጁ የሚሠራ ባለሙያ ግን እንጀራው እንጂ ክብሩ አይታሰብለትም ነበር።

ስለ ኢልግ የመጀመሪያ ቀኖች ሲተረክ የቆየው ታሪክ ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ አንጻር ሲታይ ነው። እንደሚተረከው ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዙት ድልድይ እንዲሠራ ወይም ማሽን እንዲተክል አልነበረም፤ ጫማ እንዲሰፋ ነበር። ኢልግ ጫማ ሰፊ አለመሆኑን ቢያስረዳም ንጉሡ አልተቀበሉትም፤ ስለዚህ እንደ ምንም ብሎ አንድ ጥንድ ጫማ ሠርቶ አቀረበ። ቀጥለው ደግሞ ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት። በእጅ የሚሠራው ጠመንጃ ከውጭ ከሚገዛው እጅግ የሚወደድና የማይሻል መሆኑን ቢነግራቸውም ትእዛዙ አልተለወጠም፤ ብዙ ደክሞ እርሱንም ሠራ። ንጉሡም በሥራው ተደሰቱ።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ እንደ ቀልድ ይነገራል። ነገር ግን የታዘዙት ሁለት ሥራዎች አንዱ የፋቂ፣ ሌላው የጠይብ ሙያ መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። ንጉሡ ይህን ያደረጉት የእንግዳውን ችሎታ ለመፈተን ይሁን ትሕትናውን ለመመዘን፣ ውጤቱ አንድ ነው። ከፍተኛ ትምህርት የተማረው አውሮፓዊ በአገሩ ሰው ዘንድ የተናቀውን ሥራ በቤተ መንግሥት ፊት በገዛ እጁ ሠራ። እምቢ ብሎ ዲፕሎማውን ቢያሳይ ኖሮ በአንኮበር ሊያነበው የሚችል ሰው ባልተገኘ ነበር። ሥራው ግን በማንኛውም ቋንቋ የሚነበብ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ኢልግ አማርኛን ተማረ፤ ያለ አስተርጓሚ ከንጉሡ ጋር ለመነጋገርም በቃ። በ1880ዎቹ ዓመታት በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም ከእንጦጦ ጋራ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ እንዲደርስ አደረገ። ቁልቁል የወረደ ውኃ ተመልሶ ሽቅብ መውጣቱ ሕዝቡን እጅግ አስደነቀው። ለመሐንዲሱ ነገሩ የከፍታ ልዩነትና የግፊት ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ለአገሩ ግን የተናቀው ጥበብ በመኳንንቱ ዓይን ፊት የከበረበት ቀን ነበር። ይሁንና ኢልግን እንደ ጻድቅ መቁጠር አያስፈልግም። እርሱ ነጋዴም ነበር፤ በሐረር ይነግድ ከነበረው ከፈረንሳዊው ባለ ቅኔ ከአርተር ራምቦ ጋር የተለዋወጣቸው የንግድ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ ይገኛሉ። የአገሩን ጥቅምና የራሱን ጥቅም ጎን ለጎን አስኪዷል።

የባቡሩ ሐሳብ የበሰለው በእነዚህ ዓመታት ነው። ማርች 9 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ሐዲድ እንዲዘረጋ ለኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሼፍኖ ጋር ሆኖ ኩባንያው እንዲቋቋም አደረገ፤ ሥራውም በ1897 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ኢልግን የመንግሥት አማካሪ አድርገው ሾሙት። ጫማ እንዲሰፋ የታዘዘው እንግዳ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ የአንድ ነጻ መንግሥት የውጭ ጉዳይ መካሪ ሆነ።

ሐዲዱ የአንድ ሜትር ስፋት ነበረው። በረሓውን ሲያቋርጥ የውኃ እጥረት፣ ጥልቅ ሸለቆዎችና ግዛታቸው የተነካባቸው ሰዎች ጥቃት ገጠመው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከሐረር ተራራ ሥር ሲደርስ ትልቁ ጥያቄ ተነሣ። በውሉ መሠረት የመጀመሪያው ክፍል መድረሻ ሐረር ነበረች። ነገር ግን ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ በመካከላቸው ያለው የደንገጎ ዳገት ደግሞ ከሐረርም ከፍ ይላል። ይህን በአጭር ርቀት ለመውጣት የሚያስፈልገው ገንዘብ የኩባንያውን አቅም የሚፈታተን ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በሜዳው እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በ1902 ዓ.ም. መጨረሻም ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። ሥፍራው በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ በኋላ ግን ድሬ ዳዋ የሚለው ስም ጸና።

ውሳኔው ያለ ዋጋ አልነበረም። ለዘመናት የንግድ መናኸሪያ የነበረችው የሐረር ገበያ ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ። በአንጻሩ በባዶው ሜዳ ላይ ከዚራ ቀጥ ባሉ መንገዶቿ፣ ከወንዙ ማዶም መጋላ በገበያዋ ተመሠረቱ። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አደሬው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ፈረንሳዩ በአንድ ጣቢያ ዙሪያ ተሰበሰቡ። በዘይላ ወራት ሲቆጥር የነበረው ዓይነት መንገደኛ አሁን ከባቡር ወርዶ በመጀመሪያው ምሽት ቋንቋውን የሚናገርለት ሰው ሊያገኝ ይችል ነበር። ወፍጮው፣ ወርክሾፑና መጋዘኑም በእጁ የሚሠራውን ሰው ጎሣውን ሳይሆን ሙያውን እየጠየቁ ይቀጥሩ ጀመር።

ለኢልግ ግን ድሬ ዳዋ የድል ብቻ ሳይሆን የኀዘንም ሥፍራ ሆነች። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት በ1902 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ድጎማ ተቀበለ፤ ከድጎማው ጋርም የፈረንሳይ መንግሥት በሐዲዱ ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ዐፄ ምኒልክ ይህን ከነጻነታቸው ጋር የሚጋጭ አድርገው ስላዩት ተቆጡ፤ እንግሊዝና ኢጣልያም በነገሩ ገቡ። ሐዲዱ ድሬ ዳዋ ላይ ቆሞ ለዓመታት አንድ ምዕራፍ እንኳ አልተራመደም። ሰውን ከባሕር ጋር ለማገናኘት የታሰበው መሥመር የኃያላን መንግሥታት መጓተቻ ገመድ ሆነ። ኢልግ በ1907 ዓ.ም. ከአገልግሎቱ ተለየ፤ የመጀመሪያው ኩባንያም በዚሁ ጊዜ ፈረሰ። በ1908 ዓ.ም. ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ከቀጠለ በኋላ ሐዲዱ በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ኢልግ ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በጃንዋሪ 1916 ዓ.ም. በዙሪክ አርፎ ነበር።

አንድ ነገር ግን በሕይወቱ ደረሰለት። እርሱ ከአገልግሎት በወጣ ማግሥት፣ በ1908 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያሉ ባለሙያን የሚሰድቡትን በዐዋጅ ገሠጹ፤ የሚሠራ ሰው እንዲከበርም አዘዙ። ይህ ዐዋጅ የኢልግ ሥራ ነው ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ዐዋጁን ያወጡት ንጉሠ ነገሥት ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት በአንኮበር አንድ እንግዳ ጫማ ሰፍቶ ሲያቀርብላቸው ያዩ ንጉሥ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሐዲድ ሲመረቅ፣ እርሱም መንገዱን በድሬ ዳዋ በኩል አድርጓል። ተራራውም፣ የዳገቱም ስሌት አልተለወጠም። ዲፕሎማ ይዞ ወደ ማያውቀው ቀበሌ ወይም ወደ ሩቅ አገር ለሥራ የሚሄድ የዛሬ መሐንዲስ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠየቀው ሥራ ከተማረው በታች ሆኖ ቢያገኘው፣ ከመቆጣቱ በፊት ያንን አንድ ጥንድ ጫማ ቢያስብ አይጎዳም።