የመርከብን ስፌት የጠበቀ መሐንዲስ፤ ኦስካር ሼልበርግ

መርከብ በባሕር ላይ ስትጓዝ ያየ ሰው የካፒቴኑን ብልኅነትና የሞተሩን ኃይል ያደንቅ ይሆናል እንጂ፤ ብረት ከብረት ጋር የተጋጠመበትን መስመር ልብ አይለውም። ነገር ግን የመንገደኛውና የመርከበኛው ሕይወት የሚጠበቀው በዚሁ መስመር ነው። ስለዚህ ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ዕድሜውን በዚህ ሥራ ላይ ያዋለውን የስዊድናዊውን የኦስካር ሼልበርግን ታሪክ ነው።

ሼልበርግ የተወለደው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም. ነው። በጐልማሳነቱ በእንፋሎት መርከቦች ላይ ሲሠራ አንድ ችግር ገጠመው። በዚያ ዘመን የመርከብና የቦይለር ብረት የሚያያዘው ጫፉ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ በሚደፈጠጥ ችንካር ነበርና፤ መጋጠሚያው እየላላ እንፋሎቱ ያፈተልክ ነበር።

በኤሌክትሪክ መበየድ ከእርሱ በፊትም የታወቀ ነበር። ይሁን እንጂ የቀለጠው ብረት ከአየሩ ኦክሲጅንና ናይትሮጅን ጋር ስለሚዋሐድ፤ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበትና በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል። ሼልበርግ የብረቱን ሽቦ እንደ ጭቃ በወፈረ የማዕድን ቅልቅል ውስጥ ነክሮ አደረቀው። ይህ ልባስ በእሳቱ ሲነካ ጋዝ ይሰጣል፤ የቀረውም ቀልጦ እንደ ቅርፊት ብየዳውን ይሸፍነዋል፤ በዚህም ምክንያት አየር አይደርስበትም። በ1904 ዓ.ም. በጐተንበርግ ኤሳብ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ የልባሱን ፓተንት ደግሞ በ1907 ዓ.ም. አስመዘገበ። በ1920 ዓ.ም. ፉላጋር የተባለች መርከብ በእንግሊዝ አገር ያለ ችንካር በብየዳ ብቻ ተሠርታ ወደ ውቅያኖስ ወጣች። ሼልበርግ ይህን ለማየት ታድሎ በ1931 ዓ.ም. አረፈ።

ካረፈ ከ86 ዓመት በኋላ፤ በ2017 ዓ.ም. በሆላንድ የሮተርዳም ወደብ ብየዳ ሌላ ሥራ ጀመረ። የሮቦት ክንድ የነሐስ ሽቦ በኤሌክትሪክ ብልጭታ እያቀለጠ፤ 298 ንብርብር አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሮ፤ ስፋቱ 1 ሜትር ከ35 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመርከብ ፕሮፔለር አወጣ። ፕሮፔለሩም በጐታች መርከብ ላይ ተገጥሞ ተፈተነ፤ ቢሮ ቬሪታስ የተባለው የመርከብ መርማሪ ድርጅትም አረጋገጠው። ፕሮፔለሯ የተሰበረባት መርከብ ሌላ እስኪቀለጥላት ድረስ ሥራ ፈትታ ወደብ ላይ ትቆማለችና፤ የዚህ ዘዴ ጥቅም ቀላል አይደለም።

ሮቦቱ የሚሠራበት ሽቦ ልባስ የለውም። በልባሱ ፈንታ ከክንዱ ጫፍ የሚነፍሰው ጋዝ የቀለጠውን ነሐስ ከአየር ይከላከልለታል። ከ298ቱ ንብርብሮች በአንዱ ውስጥ አየር ገብቶ ስንጥቅ ቢቀር፤ ጉዳቱ የሚታወቀው መርከቧ ማዕበል ውስጥ ሳለች ነው። ስለዚህ መሣሪያው ቢለወጥም የሼልበርግ ጥያቄ አልተለወጠም። እኛም ከሕይወቱ የምንረዳው ትልቁ ሥራ የሚጸናው ዓይን በማያየው ትንሽ መጋጠሚያ ላይ በሚደረገው ጥንቃቄ መሆኑን ነው።