ኦሊቨር ኢቫንስና ራሱን የቻለው ወፍጮ

ኦሊቨር ኢቫንስ በ1755 ዓ.ም. (ይህና የሚከተሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን አሜሪካ፥ ደላዌር በሚባለው አገር፥ ኒውፖርት በተባለች ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ጋሪ ሠሪ ዘንድ ገብቶ ሙያ ተማረ። ጌታው ሻማ እንዳያበራ ስለ ከለከለው፥ ከመላጊያ የሚወድቀውን የእንጨት ፍቅፋቂ እያነደደ በዚያ ብርሃን ያነብ ነበር ይባላል። መብራት ጠፋ ብለን መጽሐፍ ለምናጥፍ ተማሪዎች ይህን መስማት ሳይጠቅመን አይቀርም።

በዚያ ዘመን የውሃ ወፍጮ ከመፍጨት በቀር የሚያውቀው ሥራ ጥቂት ነበረ። እህሉን በጆንያ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣው ሰው ነው። ከድንጋዩ ሥር ሞቆና ረጥቦ የሚወጣውን ዱቄት ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣው፥ እንዲቀዘቅዝ ወለል ላይ አስጥቶ የሚያገላብጠው፥ ወደ ወንፊቱ የሚጠርገውም ሰው ነው። ከእግር የሚራገፈው አፈር ደግሞ ከዱቄቱ ጋር አብሮ ይጋገር ነበር። ኢቫንስ ከወንድሞቹ ጋር በሬድ ክሌይ ወንዝ ዳር ወፍጮ ሲያቆም፥ ይህን ሁሉ ድካም ወንዙ እንዲሸከመው አሰበ፤ በ1780ዎቹ አጋማሽም ፈጸመው።

ወደ ላይ የሚያወጣው ትንንሽ ባልዲ የተደረደረበት የሚዞር ጠፍር ነበረ። ዱቄቱን እያሰጣ የሚያቀዘቅዘው ጥርስ ያለው የሚሽከረከር ክንድ ነበረ። ወደ ጎን የሚያጓጉዘው ግን በገንዳ ውስጥ የሚዞር ጠመዝማዛ ነው። አሠራሩን ለመረዳት ብሎንና ዳዶ ውሰዱ። ዳዶውን እንዳይዞር ይዛችሁ ብሎኑን ብታዞሩ፥ ዳዶው ወደ ፊት ይሄዳል። እህሉንም ክብደቱና ከገንዳው ጋር ያለው ፍትጊያ ከጠመዝማዛው ጋር እንዳይዞር ይይዙታል፤ ስለዚህ ይገፋል። ገንዳው ከመጠን በላይ ከሞላ እህሉ በዘንጉ ላይ እየተሻገረ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ የዛሬ መሐንዲሶች ከግማሽ በታች ይሞሉታል። ስፋቱ 20 ሳንቲሜትር፥ ዘንጉ 6፥ በአንድ ዙር የሚገፋበት ርቀት 20 ሳንቲሜትር የሆነ ጠመዝማዛ 30 በመቶ ተሞልቶ በደቂቃ 60 ጊዜ ቢዞር፥ በሰዓት 6 ሜትር ኩብ ያህል ያደርሳል። ይህም ስንዴ ከሆነ 45 ኩንታል ገደማ ነው፤ ስሌቱን ራሳችሁ ሞክሩት። ኢቫንስ ለዱቄት ሲሆን ወጥ ጠመዝማዛ በማድረግ ፈንታ ትንንሽ የእንጨት ሰሌዳዎችን በዘንጉ ዙሪያ ተከለ፤ እነርሱም እየገፉ ያገላብጡታል፥ ያቀዘቅዙታልም።

የአካባቢው ባለ ወፍጮዎች ሊያዩ ሲመጡ ኢቫንስ በሜዳ ድርቆሽ ሲያጭድ፥ ወፍጮው ብቻውን ሲሠራ አገኙት፤ እነርሱ ግን አይረባም ብለው ተመለሱ ተብሎ ይተረካል። በ1790 መንግሥት የፈጠራ መብት ሰጠው፤ በአዲሱ ሕግ ከተሰጡት ሦስተኛው ነው። ጆርጅ ዋሽንግተንም በራሱ ወፍጮ ይህንኑ አስገባ። በ1795 ኢቫንስ ለወፍጮ ሠሪዎች ያሳተመው መጽሐፍ ከሞተም በኋላ ብዙ ጊዜ ታትሟል።

መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ንቀውት የነበሩት ባለ ወፍጮዎች መሣሪያውን ወሰዱ፥ ገንዘቡን ግን አንከፍልም አሉ። የ14 ዓመቱ መብት ሲያልቅ ምክር ቤቱ በ1808 አደሰለት፤ ክርክሩም ባሰ። ሕጉን በፕሬዚዳንትነቱ ያጸደቀው ቶማስ ጀፈርሰን እንኳ በ1813 ጠመዝማዛው የአርኪሜደስ ነው፥ ባልዲውም ጥንታዊ ነው ሲል ጻፈ። በእኔ አስተያየት ጀፈርሰን ግማሹን ብቻ አይቷል። ጠመዝማዛው በጥንት ዘመን ውሃ ማንሻ ነበረ። እህሉ በአንድ በር ገብቶ፥ የሰው እጅ ሳይነካው፥ በሌላው በር ዱቄት ሆኖ እንዲወጣ ሁሉን ያገናኘው ግን ኢቫንስ ነው።

ከችሎቱ አንዱ እንዲህ አስመረረውና፥ በ1809 ገደማ የፈጠራ ሥዕሎቹንና ጽሑፎቹን በቤተሰቡ ፊት አቃጠለ። ምን እንደ ጠፋ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሥራውን ግን አልተወም፤ በፊላደልፊያ በነበረው ማርስ በተባለው ፋብሪካው ከፍተኛ ግፊት ያላቸውን የእንፋሎት ሞተሮች ይሠራ ነበር። በአፕሪል 11 ቀን 1819 ያ ፋብሪካ ተቃጠለ። ኢቫንስ ወሬውን በኒውዮርክ ሳለ ሰማ፤ በአራተኛውም ቀን ሞተ።