ከገበሬ አፍ ስም ወስዶ የደን አፈርን የመደበው ዶኩቻየቭ

መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ ግብር መጣል በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአገራችን ይሠራበት የነበረ ደንብ ሲሆን፣ ምደባውም በአብዛኛው አፈሩ ሳይቆፈር በዓይን ግምት ይፈጸም እንደነበር የሚያስታውሱ አረጋውያን አርሶ አደሮች ጥቂት አይደሉም። ተመሳሳይ ችግር በሩሲያ ገበሬም ላይ ደርሶ ነበር። ለዚህ ችግር ጉድጓድ ቆፍሮ መልስ የፈለገውና በዚያው ሥራው የአፈር ሳይንስ መሥራች ለመባል የበቃው ሰው ቫሲሊ ቫሲሊየቪች ዶኩቻየቭ ይባላል። የማኅበር መሪዎች የዚህን ሰው ታሪክ ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል በማለት እናቀርባለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶኩቻየቭ በ1846 በስሞሌንስክ አውራጃ ሚልዩኮቮ በምትባል መንደር ከአንድ የገጠር ቄስ ቤት ተወለደ። እንደ አባቱ ቄስ እንዲሆን ታስቦ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ካደገ በኋላ በ1867 ወደ ፒተርስበርግ የሃይማኖት አካዳሚ ተላከ። እዚያ ግን ከጥቂት ሳምንት በላይ አልቆየም፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተዛውሮ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ። በ1871 ተመርቆ በማግስቱ ዓመት በዚያው ዩኒቨርሲቲ የድንጋይና የማዕድን ናሙና ጠባቂ ሆነ።

የተወለደበት የስሞሌንስክ አገር ብርድ የበዛበት፣ ጥድና ጥድ መሰል ዛፍ የሸፈነው ነው። የዚያ አገር ገበሬ ደን መንጥሮ ሲያርስ ማረሻው ከላይኛው ጠቆር ያለ አፈር ሥር አመድ የሚመስል ነጣ ያለ ንጣፍ ያወጣ ነበር። ይህንንም አፈር ፖድዞል ይለዋል፤ ፖድ ማለት ሥር፣ ዞላ ማለት ደግሞ አመድ ነው። ዶኩቻየቭ ይህን የገበሬ ስም አልናቀውም። አዲስ የላቲን ስም ከመፍጠር ይልቅ ስሙን እንዳለ ወደ ሳይንስ አስገባው።

የፖድዞል አፈር አፈጣጠር እንዲህ ነው። የጥድ ዘር የሆኑ ዛፎች የሚያራግፉት መርፌ መሰል ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም። ከላይ እንደ ፍራሽ ተጋግሮ ይቀመጥና ቀስ እያለ ኮምጣጣ የሆነ አሲድ ያወጣል። በዚያ አገር ከሰማይ የሚወርደው ውሃ ከሚተነው ስለሚበልጥ፣ በተለይም በረዶው በሚቀልጥበት ወራት፣ ውሃው አሲዱን ይዞ ወደ ታች ይሰርጋል። ሲሰርግም ብረቱንና አሉሚኒየሙን፣ ለተክል ምግብ የሚሆነውንም ኖራነት ያለውን ንጥረ ነገር አጥቦ ይወስዳል። ከላይ የሚቀረው ታጥቦ የነጣ አሸዋ ነው። ገበሬው አመድ ያለው ይህንን ሲሆን፣ አመድ ባይሆንም መልኩን በትክክል አይቶታል። የታጠበው ብረትና ጥቁር ብስባሽ ደግሞ ከሥር ተጠራቅሞ ዝገት የመሰለ ቀላ ያለ ንጣፍ ይሠራል፤ አንዳንዴም እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ሥርና ውሃ አላሳልፍ ይላል።

እንግዲህ ደኑ ረዥምና አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ መሬቱ ለም ነው ብሎ የመነጠረ ገበሬ በጥቂት ዓመት ውስጥ እጁን አጨብጭቦ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ዛፉ የሚኖረው ከላይ ባለችው ስስ የብስባሽ ንጣፍ ነው፤ እርሷ ካለቀች የሚቀረው አመድማው አፈር ነው። ይህ አፈር ያለ ኖራ፣ ያለ ፍግና እንደ ማገጥ ያለ አፈር አዳሽ ተክል ሳይፈራረቅበት ደህና ምርት አይሰጥም።

በ1873 እና በ1875 በሩሲያ ደቡብ ድርቅ ስለደረሰ፣ በፒተርስበርግ የነበረው ነፃ የኢኮኖሚ ማኅበር የእህል ጎተራ የሚባለው የጥቁር አፈር አገር እንዲጠና ወሰነና ሥራው ለዶኩቻየቭ ተሰጠ። በ1877 እና በ1878 ክረምት አልባ ወራት ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጉድጓድ እያስቆፈረ ናሙና ሰበሰበ። በ1883 ያሳተመው መጽሐፉ የሩሲያው ጥቁር አፈር፣ ቼርኖዜም የሚሉት፣ ከደን ሥር ሳይሆን ከሣር ምድር የተፈጠረ መሆኑን አስረዳ። ሣሩ በየዓመቱ ሥሩን በአፈሩ ውስጥ ያበሰብሳል፤ ዝናቡም አነስተኛ ስለሆነ ብስባሹ ታጥቦ አይሄድም። እዚህ ላይ አንባቢ ከእኛ ዋልካ ወይም መረሬ ጋር እንዳያምታታው ያስፈልጋል። የቼርኖዜም ጥቁረት ከብስባሹ ብዛት የመጣ ነው፤ ዋልካ ግን ሲረጥብ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ነው እንጂ በጥቁረቱ ልክ ብስባሽ የለውም።

በሰሜን አመድማው የደን አፈር፣ በደቡብ ጥቁሩ የሣር አፈር መሆኑ ታወቀ። በመካከላቸው ያለውስ? ዶኩቻየቭ መልሱን ያገኘው ከግብር ጋር በተያያዘ ሥራ ነው። በ1882 የኒዥኒ ኖቭጎሮድ አውራጃ ምክር ቤት ግብር በትክክል ለመደልደል መሬቱ እንዲገመገም ጠየቀው። ግምቱ በሰው ቃልና በኪራይ ዋጋ ብቻ ከተሠራ ጉልበት ያለው መሬቱን ድሃ አስመስሎ፣ ድሃው ደግሞ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበት ይቀራል። ዶኩቻየቭ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። መጀመሪያ አፈሩ ይቆፈር፣ ንብርብሩ ይለካ፣ በቤተ ሙከራ ይመርመር፤ ምርጡ መቶ ነጥብ ተሰጥቶት የቀረው በእርሱ ይመዘን፤ ዋጋና ግብር ከዚያ በኋላ ይምጣ የሚል ነበር። እስከ 1886 ከተማሪዎቹ ጋር ሠርቶ ውጤቱን በ14 ቅጽ አወጣ። ቀጥሎም በ1888 ወደ ፖልታቫ አውራጃ ተሻገረ። በእኔ አስተያየት ከሥራው ሁሉ ለገበሬው የቀረበው ይህ ነው፤ ስለ እርሱ ሲወራ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥቁር አፈሩ ብቻ ነው።

በዚህ ቆፋሮ ነው ግራጫ የደን አፈር ራሱን የቻለ ዓይነት ሆኖ የተለየው። ይህ አፈር የሚገኘው ባሉጥና ሌሎች ሰፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ከሣር ምድር ጋር በሚዋሰኑበት ሥፍራ ነው። ቅጠሉ እንደ ጥድ አይኮመጥጥም፤ ኖራነት ያለውን ንጥረ ነገር ከሥር ስቦ ወደ ላይ ይመልሳል። ጉድጓዱን ያየ ሰው ከላይ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ ብስባሻማ አፈር ያገኛል። ከእርሱ በታች አፈሩ እንደ ለውዝ ፍሬ ይፈረካከሳል፤ ፍርካሹም ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ብናኝ ለብሷል። ከዚያ ቡናማ ሸክላ፣ ዝቅ ብሎም ኖራ ይከተላል። ባለሙያዎች መልኩን አይተው ቀላል ግራጫ፣ ግራጫና ጥቁር ግራጫ ብለው በሦስት ይከፍሉታል፤ ለምነቱም በዚያው ተራ ይጨምራል። ደኑ ሲመነጠር ቦረቦር የሚበዛበትም ይኸው አገር ነው።

ሁሉም አልተቀበለውም። ኮርዢንስኪ የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ግራጫው አፈር ቀድሞ ጥቁር የነበረ፣ ደን ሲወርሰው የደከመ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ከሁለቱም ዕድሜ በላይ ቆየ።

ዶኩቻየቭ ከዚህ ሁሉ ያወጣው ትምህርት አፈር የተፈጨ ድንጋይ ብቻ አለመሆኑ ነው። የሥር ድንጋይ፣ የአየር ጠባይ፣ ዕፅዋትና እንስሳት፣ የመሬት አቀማመጥና የጊዜ ርዝመት አምስቱ አንድ ላይ ሆነው ይሠሩታል። ስለዚህ በ1900 ባወጣው የመጨረሻ ምደባ መደበኛ አፈሮችን ከዋልታው ብርድ እስከ ሐሩሩ ደን በሰባት ከፈለ። የላይኛውን፣ የመካከለኛውንና የታችኛውን ንብርብር በፊደል መጥራትም ከእርሱ የመጣ ልማድ ነው።

በ1891 ድርቅ ሆነና ረሀቡ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ዶኩቻየቭ በማግስቱ ዓመት መጽሐፍ አሳትሞ ገቢውን ለተራቡት አዋለ። በዚያ መጽሐፍ ደኑ በመመንጠሩ፣ ሣሩ በመታረሱና ቦረቦሩ በመስፋቱ ምድሪቱ ውሃ መያዝ እንዳቃታት አስረዳ። በ1892 መንግሥት የሥራ ቡድን ሰጠው። በቮሮኔዥ አውራጃ ካሜናያ ስቴፕ በሚባል ደረቅ ሜዳ ላይ የነፋስ መከላከያ የዛፍ ረድፍ አስተከለ፣ ኩሬና ግድብ አሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድጋፉ ቢቋረጥም የዛፍ ረድፉ ዛሬም አለ፤ በሥሩ ያለው አፈርም ይመረመራል። በዚያ ከሠሩት ተከታዮቹ አንዱ ጌኦርጊ ሞሮዞቭ በኋላ የደን ሳይንስ ታላቅ መምህር ሆነ።

ከ1892 እስከ 1895 ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በምትገኘው ፑዋቪ የእርሻና የደን ተቋም አስተዳዳሪ ነበር። በ1894 የመጀመሪያው የአፈር ሳይንስ የትምህርት ክፍል በዚያ ተከፍቶ ተማሪው ኒኮላይ ሲቢርትሴቭ መራው። የመጨረሻ ዓመታቱ ግን የመከራ ነበሩ። ሥራ ብዛት ነርቩን ጎዳው፤ በ1897 ባለቤቱ አና በካንሰር ሞተች። ተነሥቶ ወደ ካውካሰስ ተራሮች ወጣና ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ አፈሩ ከደቡብ ወደ ሰሜን እንደሚሄድ ሁሉ በተራ እንደሚለወጥ አየ። በ1900 ሲቢርትሴቭም በሳንባ ነቀርሳ ሞተበት። እርሱም በ1903 በ57 ዓመቱ በፒተርስበርግ አረፈ።

ስሞቹን ወደ ውጭ ያወጣው ሌላው ተማሪው ኮንስታንቲን ግሊንካ ነው። በ1914 በጀርመንኛ ያሳተመውን መጽሐፍ ከርቲስ ማርበት የተባለ አሜሪካዊ በ1927 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ፖድዞል የሚለው የገበሬ ቃል ዛሬም በዓለም አቀፉ የአፈር ምደባ ውስጥ አለ። ግራጫው የደን አፈር ግን ግሬይዘም ሲባል ቆይቶ በ1998 ፌዮዜም በሚባለው ክፍል ውስጥ ተጠቃሏል።

በእኛ አገር የከፋና የኢሉባቦር ቡና ደን በስፋት የበቀለበት ቀይ አፈር በዚሁ ምደባ ኒቲሶል ይባላል። ከፖድዞል የተለየ ነው፤ ጥልቅና ሸክላማ ሲሆን ንብርብሩም በግልጽ አይለይም። ሆኖም ብዙውን ጊዜ አሲዳማ ስለሆነ ፎስፈረሱን አስሮ ይይዛል። ለማየት የሚፈልግ ማኅበር አዲስ የመንገድ ቆረጣ ባለበት ግድግዳውን በዶማ ጠርቦ አንድ ጉማጅ አፈር ቢሰብር፣ ፍርካሹ በፀሐይ ላይ ሲያብለጨልጭ ይመለከታል።