የተቀየረው ዕቃው ሳይሆን ብርሃኑ ነው፦ የሰዓሊው ክሎድ ሞኔ ታሪክ

ሱቅ ውስጥ ጥቁር ነው ብላችሁ የገዛችሁት ሹራብ ፀሐይ ላይ ስታዩት ጥቁር ሰማያዊ ሆኖባችሁ ያውቃል? ሹራቡ ያው ነው። የተቀየረው ያረፈበት ብርሃን ነው። ፈረንሳዊው ሰዓሊ ክሎድ ሞኔ ዕድሜውን የጨረሰው ይህንን ነገር ሲከታተል ነው። በስተመጨረሻ ግን የገዛ ዓይኑ ከዳው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሞኔ በ1840 ፓሪስ ተወለደ፤ ያደገው ግን ለ ሃቭር በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የከተማውን ሰዎች አስቂኝ አድርጎ እየሣለ ይሸጥ ነበር። እዚያው ያገኘው ዩጂን ቡዳን የሚባል ሰዓሊ ውጭ ይዞት ወጣ። ያኔ አብዛኛው ሰዓሊ ሥዕሉን የሚሠራው ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ቡዳን ግን ሰማዩንና ባሕሩን እዚያው ፊት ለፊታቸው ቆሞ ይሥላል። የሞኔ መንገድ ከዚያ ጀመረ።

ፓሪስ ሲገባ ኑሮ ከበደው። ሥዕሉ አይሸጥም፣ ዕዳው ይከማቻል። በ1874 ከጓደኞቹ ጋር ሆነው የራሳቸውን ኤግዚቢሽን ከፈቱ። ሞኔ ያቀረበው የለ ሃቭር ወደብ የንጋት ሥዕል ርዕሱ ላይ ኢምፕሬሽን የሚል ቃል ነበረው። አንድ ጋዜጠኛ ያችን ቃል መዘዘና ኢምፕሬሽኒስቶች እያለ አላገጠባቸው። ስድቡ ስማቸው ሆኖ ቀረ።

በ1879 ባለቤቱ ካሚል ታማ በ32 ዓመቷ ሞተች። የ12 ዓመት ልጅና ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጥላበት ነው የሄደችው። ሞኔ አስከሬኗ አጠገብ ሆኖ ፊቷን ሣለ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለወዳጁ ለፖለቲከኛው ጆርጅ ክሌማንሶ እንደነገረው፣ በዚያ ሐዘን መሀል ዓይኑ ሳያዘው ፊቷ ላይ የሚፈራረቁትን ሰማያዊ፣ ቢጫና ግራጫ ቀለሞች ሲከታተል ራሱን አገኘው። ነገሩ እሱንም አስደንግጦታል።

በ1883 ዢቨርኒ ወደምትባል መንደር ገባ። ከ1890 እስከ 1891 ደግሞ ቤቱ አጠገብ ያለ ማሳ ላይ የቆመ የእህል ክምር መሣል ጀመረ። አንድ ሥዕል እንዳይመስላችሁ፤ ወደ 25 ነው! ብዙ ሸራ ደርድሮ ብርሃኑ ሲቀየር ሸራ ይቀይራል። ያው ክምር በአንዱ ላይ ቀይ፣ በሌላው ወርቃማ፣ በረዶ ሲወርድ ደግሞ ጥላው ሰማያዊ ነው።

ይህ የሞኔ ፈጠራ አይደለም። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ብርሃኗ ብዙ አየር አቋርጦ ነው የሚደርሰን። አየሩ ሰማያዊውን ይበትነዋል፣ ቀይና ብርቱካናማው ይቀራል። ጥላ ውስጥ ያለውን ነገር ደግሞ የሚያበራው ሰማያዊው ሰማይ ነው። ታዲያ እኛ ለምን አይታየንም? አእምሯችን ያስተካክልልናላ! ነጭ ወረቀት ቢጫ አምፖል ሥርም ነጭ የሚመስለን ለዚህ ነው። ስልካችሁ ካሜራ ላይ ያለው ዋይት ባላንስ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ሞኔ በሉት ዋይት ባላንሱን አጥፍቶ ዓለምን ያየ ሰው ነው።

በ1892 እና በ1893 ሩዋን ከተማ ካለው ካቴድራል ፊት ለፊት መስኮት ይዞ ከ30 በላይ ሥዕል ሠራ። ያው ድንጋይ ነው፤ ግን ጠዋት ሰማያዊ፣ ፀሐይ ሲመታው ወርቃማ ይሆናል። ያ በዕዳ የኖረ ሰው አሁን በሀብት ይኖር ጀመር። ከክምሮቹ አንዱ በ2019 በጨረታ 110.7 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል።

ከዚያ ክፉው ነገር መጣ። በ1912 ሐኪም ዓይኑን የዓይን ሞራ እንደጋረደው ነገረው። ሞራው የዓይንን ሌንስ ቢጫና ቡናማ እያደረገ ሰማያዊውን ብርሃን ይከለክላል። ዕድሜውን ሙሉ ቀለም የለየ ሰው ቀለም የሚመርጠው ቱቦው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ሆነ። የዚያን ጊዜ ሥዕሎቹ ቀይና ቡናማ የበዛባቸው ናቸው። ኦፕራሲዮን ፈርቶ ለዓመታት አዘገየው። ክሌማንሶ ወትውቶት በ1923 የቀኝ ዓይኑ ሌንስ ወጣ። አሁን ደግሞ በዚያ ዓይን ዓለም ሰማያዊ ሆነበት፤ ያልተነካው ግራ ዓይኑ ቢጫ ያሳየዋል። አንድ ሰው፣ አንድ የአትክልት ቦታ፣ ሁለት ቀለም! ተናደደ፣ ሸራዎቹን ቀደደ፣ ባለቀለም መነጽር ሞከረ። ግን ብሩሹን አልጣለም።

በታኅሣሥ 1926 በ86 ዓመቱ ዢቨርኒ ውስጥ ሞተ። ሲደክምባቸው የኖሩት ግዙፍ የኩሬ አበባ ሥዕሎች በቀጣዩ ዓመት ፓሪስ በሚገኘው ኦራንዠሪ ሙዚየም ለሕዝብ ተከፈቱ። ሥዕሎቹ የተሰቀሉት የቀን ብርሃን በጣሪያው በኩል በሚገባባቸው ክፍሎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ደመና ሲመጣ ሥዕሎቹም መልካቸው ይቀየራል።

እስቲ ዛሬ ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አስተውሉት። ምን ቀለም አገኛችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።